የቀረው ቅርንጫፍ

ከደብረ ሲና ወጥቼ፣ ሦስት ሰዓት በእግሬ፣
የተዋስኩትን ካሜራ በጋቢ ጠቅልዬ አስሬ፣
ወፍ ዋሻ ስደርስ ጉሙ ቀድሞኝ ገብቷል፤
ዝግባው እስከ ወገቡ፣ ጥዱ እስከ አንገቱ ሰጥሟል።

«ዋሻው የቱ ጋ ነው?» አልሁት አጎናፍርን፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደን የጠበቀውን።
ሳቀና «ገብተህበታል» አለኝ፤ «ዝም በል አሁን፤
ሶሪት ሰው አትፈራም፣ ትፈራለች ወሬውን።»

በመጀመሪያው ቀን ድምጿ ብቻ ደረሰን፤
ዘይት የጠማው ማጠፊያ፣ የሚያንቋርር በር፣
አንዴ ከገደሉ ማዶ፣ አንዴ ከራሳችን በላይ።
በሁለተኛው ዝናብ።
በሦስተኛው ጠዋት ጣቴ ሲደነዝዝ፣
ባትሪውን በብብቴ ሳሞቅ፣ ቆሜ ስፈዝዝ፣
አጎናፍር ክንዴን ያዘ፤ በአገጩ አሳየ።
ዝግባው ላይ አንድ ቅጠል ከቅጠል ተለየ።

ቅጠሉ አንገት ነበረው።
ነጭ ጉንጭ። በዐይኑ ዙሪያ ቀይ ክር።
በቅርንጫፉ ላይ ሮጠች እንደ ሽኮኮ፣
ፍሬ ለቀመች፣ ዋጠች፣ ዞር ብላ አየችን፤
እሷ አልቸኮለችም። የቸኮለው ጣቴ ነው።
አሥር ጊዜ ጫንኩት።
አሥሩም አረንጓዴ ናቸው፣ በአረንጓዴ ላይ፣
ወፏን ከዛፏ ማን ይለያት?

ከዚያ ክንፏን ከፈተች።

ሰሙ አረንጓዴ ነበር፤ ወርቁን በብብቷ
ሸሽጋው ኖራ ኖሮ፣ ያወጣው መነሳቷ።
ቀይ! ጉሙን እንደ ሻሽ ከላይ እስከ ታች ቀደደው፤
እኔ አፌን ከፍቼ
ጣት እንዳለኝ ረሳሁ።

ስነቃ ጫንኩ።
አጎናፍር መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ፣
ወደ ዐይኑ አስጠጋ፣ ወደ ደረቱ አራቀ፣
እንደ ደብዳቤ አነበበው።
«ደህና ወጥታለች» አለ።
«የታለች?»
«እንጨቱን እየው እንጂ። አቀርቅሮ ሲነሳ ነው የያዝከው፤
መሄዷን ገና አላመነም።»

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ
ልጁ ምስሎቹን እያሳለፈ፣ ማስቲካውን እያላመጠ፣
«ይቺን ላጥፋት?» አለኝ፤ «ባዶ ናት፣ ተወዛውዛለች።»

እጁን ያዝኩት።
«እሷን አትም» አልሁት።
«ትልቁን መጠን።»