ባለ አንድ ማርሽ

ዳገት ቢለምኑት አይቀንስም እሱ፤
ማርሹም አንድ ብቻ፤ ቀናሹ ሰው ራሱ።

ኢድወል በዌልስ ጋራ፣ በዝናብ መካከል፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጣራ ድንጋይ ፈልጧል፤
ወገቡ ይቆጥራል።

«መሪ አትጎትት ኤምሪስ፣ ከፋዩ ወገብ ነው፤
ከዳሌህ ታጠፍና ሆድህን ሰብስበው፤
ቆመህ ንዳው፤ ፔዳሉን ክብደትህ ይርገጠው።
እኔ ጥርስ ጨመርሁ ለኋላው፣ ሁለት ጥርስ፣
መሪውንም ከፍ… ሁለት ጣት፣ ቀስ በቀስ።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ሰማሁት? አልሰማሁ፤
ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ፤
ጫፉ ላይ ስደርስ ግን ደጋን ሆኜ ቀረሁ።

እሱ ከአጋማሹ ወርዶ፣ ብስክሌቱን ገፍቶ፣
ከተፍ አለ እያፏጨ፣ ጀርባውን ዘርግቶ፤
ሻይ ከፔርሙስ ቀዳ፣ ሳይስቅ፣ ሳይቆጣ፣
«መውረድም ማርሽ ነው» አለኝና ጠጣ።