ዘጠኝ ጣት ተኩል

ከውሺ ተነሣሁ ማክሰኞ ማለዳ፣
ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፣ ለሸክላ እንግዳ።
ዲንግሹ ስገባ ዝናብ ያካፋል፣
መንገዱ ግራ ቀኝ በራድ ተደርድሯል፤
አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ አንዱ ዱባ መሳይ፣
አንዱ የቀርከሃ ጉጥ ተቀርጾበት ከላይ።
ሁሉም ያው ሐምራዊ፣ ሁሉም ያው ጭቃ ነው፣
ያንዱ ዋጋ ምሳ፣ ያንዱ መኪና ነው።

በኪሴ ወረቀት፣ የወዳጄ ጽሕፈት፣
የሊያንግ ቦዩ ምክር፣ ለጀማሪ ትምህርት፦
"ትልቁን አትግዛ፤ ብቻህን ነህና።
ክዳኑን አዙረው፤ ቢንገጫገጭ ተው፣ ና።
ውስጡን አሽትት፤ ሰምና ቀለም ከሸተተህ፣
ደኅና ዋሉ ብለህ ውጣ፣ ዞር ሳይል አንገትህ።
ውሃ ሞልተህ ቅዳ፤ ቀጥ ብሎ ይፍሰስ፣
ሲያቆም ባንዴ ያቁም፣ አገጩ ሳይርስ።
ከክዳኑ ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለች፣
ጣትህ ከደፈናት ውሃ ታቆማለች፤
ካላቆመች ተወው። ማህተም አይግዛህ፤
ስም ሻይ አያፈላም፣ ኪስ ነው የሚያጥብልህ።"

ሊያንግ ይህን ሲጽፍ ጣቴን ረስቷል።
እኔም ረስቻለሁ። ሰው ይለምደዋል።
አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ገመድ ያመለጠ ለት፣
መዘውሩ ጠቋሚዬን እስከ መሃል በላት።

አራተኛው ሱቅ ውስጥ ሚያኦ ቹንዪ አለች፣
የሱፍ ፍሬ በጥርሷ ትፈለፍላለች።
"ምን ሻይ ነው የምትጠጣው?" አለች ሳታየኝ።
"ያገኘሁትን" ስላት ቀና ብላ አየችኝ።
"ሸክላ እንዳንተ አይደለም፤ ይመርጣል፣ ይቀናል፣
የዛሬውን መዓዛ ይዞ ይከርማል።
አንድ በራድ፣ አንድ ሻይ፤ ሌላ አትደርብበት፣
ከደረብህም ቁጠረው፣ ቤትህ ጠብ ገባበት።"

ወረቀቴን ዘርግቼ ፈተና ጀመርሁኝ፤
ክዳን አዟዙሬ ጆሮዬን አስጠጋሁኝ።
(ይህንስ አውቃለሁ፤ የላላ ብሎን
በድምፁ ነው የምይዘው፣ ሳላየው ዓይኑን።)
ውሃ ሞላሁ፣ ቀዳሁ። ወደ ቀዳዳዋ
ጣቴን ስሰድ ጊዜ አልደረሰም ለሷ፤
ክዳኑ አመለጠ፣ ወለሉ ላይ ወድቆ፣
ሁለት ሆነ። ቆምሁኝ፣ ፊቴ እንደ ጡብ ሞቆ።

"ክፈል" አለች፣ ጠርጋ ስብርባሪውን፣
"እኩሌታውን ብቻ። ጣትህ ከፍላለች ቀሪውን።"

ከዚያ እጄን ያዘች፤ እንደ ሐኪም ሳይሆን፣
ጭቃ እንደሚመዝን ሰው፣ ስትለካ ልኩን።
መጋረጃ ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች፣
ማህተም የሌለው በራድ ይዛ ወጣች።
"ተለማማጄ ናት፣ ሹዌዪንግ፣ የሠራችው፤
ማፍሰሻው ወደ ግራ ትንሽ ጠምሟል፣ እየው።
ክዳኑ ግን ሥር አለው፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ፣
ጣት አይለምንም ሻዩ እስኪጨረስ።"

ጭኗ ላይ ገለበጠችው። አልወደቀም።
እጀታው ውስጥ ሦስት ጣት ገባልኝ፣ ጉማጇም
መታጠፊያው ላይ ዐረፈች፣ ሳትጠይቅ ማንንም።
ሦስት መቶ ዩዋን አለች። አልተከራከርሁም።

ባውቶብስ ስመለስ እንደ እንቁላል አቀፍሁት፤
የጎኔ ሰው "ስንት ነው?" ቢለኝ፣ ዋጋውን ደበቅሁት።

ቤት ገባሁ። አፈላሁ። ሊያንግ ቦዩ መጣ፣
ክዳን አሽከረከረ፣ አንድ ስኒ ጠጣ።
"ያንጠባጥባል" አለኝ፣ "አንድ ጠብታ፣ ሁልጊዜ፤
አላነበብኸውም ያን ሁሉ ኑዛዜ?"

አንብቤዋለሁ። ይኸው፣ ከበራዱ ሥር ነው፣
ካራት ታጥፎ ተነጥፎ፣ ጠብታ የሚጠጣው።
ቀለሙ መሟሟት ጀምሯል ከዳር፣
አስቀድማ የጠፋች የጣቷ መስመር።

ሻዩ ግን ይመረኛል። ቅጠል አበዛለሁ፤
ጀማሪ ነኝና ገና እማራለሁ።