አሥራ ሁለተኛው ማማ ሥር

በየካቲት ንጋት ነፋስ ሥራ ፈታ፣
ዝም አለ፣ ጭር አለ ያዳማ ኮረብታ።
ሌት ከቀን ሲሽከረከር የሚያድረው ክንዳቸው
ሽቅብ እንደ ተሰቀለ ቀረ፣ እንደ ተማሪዎች ቅጣት እንዳለባቸው።

የነፋስ ማማ ጠጋኝ ነኝ፤ ቁልፍና ገመዴን ታጥቄ
አሥራ ሁለተኛው ሥር ቆሜያለሁ፣ የመውጫ ፈቃድ ጠብቄ።
ያኔ ነው የሰማሁት።
ቀጭን ነው፣ ሽቦን በሽቦ ላይ ሰው እንደሚሞርድ፣
ሦስቴ ከፍ ብሎ፣ በአራተኛው ሐሳቡን ቀይሮ የሚወርድ።
ስምንት ዓመት እዚህ ስሠራ ይህን ድምፅ አላውቅም፤
ለካ ነፋስ ሲያወራ ሌላ አይደመጥም።

"ምንድን ነው?" አልኩ ሳላስበው። ሬዲዮኑ ተንኮሻኮሸ፦ "አሥራ ሁለት፣ ምንድን ነው የምትለው?"
"ወፍ ነው" አልኩ። "ወፍ ከሆነ ተወው።"

አልተውኩትም።

እሑድ ተመለስኩኝ፣ ግማሹን በባጃጅ ግማሹን በእግሬ፣
የዘርፌሽዋልን መጽሐፍና የሩቅ መነጽሯን ተበድሬ።
ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ በጋዜጣ ጠቅልላ "ስትገልጠው" አለች፣
"ምራቅ እንዳታስነካ"፤ እስከ በሩ ድረስ መጽሐፉን በዓይኗ ሸኘች።

ከኮረብታው ማዶ በረሃ ነው፣ ወደ ወለንጪቲ የሚያወርደው፣
ግራሩ ከሰል ሆኖ የሄደበት፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ፀሐይ የሚያበስለው።
እዚያ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ፤
ላቤ ዓይኔ ገባ፣ መነጽሩን ጠረግኩ፣ አየሁ፣ ደግሞ ጠረግኩ።
ዋኔ መጣ፤ አውቀዋለሁ። ቁራ አለፈ፤ አውቀዋለሁ።
ትንሽ ግራጫ ነገር ከቁጥቋጦ ወጣ። "ድንቢጥ" አልኩና በራሴ ተቆጣሁ።
እኛ ቤት ትንሽ ከሆነ ሁሉም ድንቢጥ ነው፤
መቶ ዓይነት ክንፍ ነው ባንድ ጆንያ የምንቋጥረው።

ግራጫው ግን ዘፈነ። ሦስቴ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ።
ጉሮሮው ሲነፋ ቢጫ ጠብታ አየሁ፣ ከላባው ሥር ብቅ ጥልቅ።

መጽሐፉን ገለጥኩ (ምራቅ አላስነካሁም)። ገጹ ሙሉ ግራጫ፤
ሃያ ሁለት ወንድማማች፣ ሁሉም አንገቱ ላይ ትንሽ ቢጫ።
አንዱ ቅንድብ አለው፣ የኔ የለውም። አንዱ ጭራው ሹካ ነው፣ የኔ ድፍን።
አንዱ የሚኖረው ከባሕር ማዶ ነው፤ እሱን በአውራ ጣቴ ሽፍን።
ጣቴ አንዱ ላይ ቆመ።
ከሥሩ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ነጥብ፣ የትንኝ ያህል።
"ብርቅ" ይላል ጽሑፉ፣ "ጥቂት ሰው ያየው" ይላል።
ልቤ እንዲህ መትቶ የሚያውቀው አንዴ ነው፣ ማማው ጫፍ ላይ ገመዴ ሲንሸራተት፤
ያን ቀን ፍርሃት ነበር፤ የዛሬው ሌላ ዓይነት።

ኦቦ ቱፋ መጡ፣ ዘበኛው፣ ካፖርት ደርበው በዚያ ፀሐይ።
"ምን ጠፋብህ?" "ወፍ" አልኳቸው። "የቱ?" "ያውና፣ ድንጋዩ ላይ።"
ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። "እ፣ ይሄማ
የኛው ነው። ኬብሉ ጥቅል ውስጥ ነው የሚያድረው፣ እዚሁ አሥራ ሁለተኛው ማማ።
መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ ነበር፤ ድማሚት ሲፈነዳ ይሄዳል፣ ይመለሳል።
ቆሎ ስበላ ይመጣል፤ ሽምብራውን ይተዋል፣ ገብሱን ይለቅማል።
ሚስቱ አምና ሞተች። ያ ክንፍ መታት፤ እኔ ቀበርኳት" አሉ፣ ወደ ላይ እያዩ።
ያን ክንፍ ግራሶ የምቀባው እኔ ነኝ። ምንም አላልኩም፤ ጆሮዎቼ ጋዩ።

"ስሙንስ ያውቁታል?" "ስም ምን ያደርግለታል? ስጠራው አይመጣም፤
ቆሎ ዘርግፌ ዝም ስል ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።"

ደብተሬን አወጣሁ። አዳማ፣ ማማ አሥራ ሁለት።
የካቲት አሥራ ሰባት፣ እሑድ። ነፋስ፦ የለም። ብዛት፦ አንድ፤ ነበሩ ሁለት።
ስም በሚለው ቦታ የመጽሐፉን፣ ፊደል በፊደል፣ ገለበጥኩ፤
ማን አየው በሚለው ላይ ስሜን ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩ።
"ኦቦ ቱፋ፣ የአባትዎን ስም ይንገሩኝ።"
"ለምን? ምን ጥፋት አገኛችሁብኝ?"

ነፋሱ በወለንጪቲ በኩል ተነሣ። ከላያችን አንድ ክንድ አቃሰተ፣
መዞር ጀመረ። ድንጋዩ ላይ ያ ምንቃር ተከፈተ፣
ጉሮሮው ተነፋ፣ ቢጫው ታየ፤
ያለውን ግን አልሰማነውም።