ሽቦና ቱቦ

ትብሊሲ፣ ስምንተኛ ፎቅ፣ የኅዳር ማለዳ፤
ሊፍቱ ሳንቲም ካልጎረሰ ፈቅ አይልም ለእንግዳ።
እኔም እንደሱ ሆኛለሁ፣ ሳልጎርስ የማልነሣ፤
ነጯ ለልቤ፣ ቢጫዋ ለግፊት፣ ሐምራዊዋን ለምን እንደሁ የምረሳ፤
ለስኳሩ መርፌ አለ፣ ለዓይኔ ጠብታ፣
ለሳንባዬ ደግሞ ይኸ ማሽን፣ ሲያጉረመርም የሚያድር ከማታ እስከ ማታ።

አራት ሐኪሞች አሉኝ፤ አንዱ ያንዱን ጽሑፍ አያነብም፤
የልቡ «ውኃ ቀንስ»፣ የኩላሊቱ «ውኃ ጠጣ»፤
እኔ ብርጭቆ ይዤ መሐል፣ አላስቀምጥ፣ አልጠግብም።

ድሮ ሾፌር ነበርሁ፤ ያውም የትሮሊባስ፣
አናቱ ላይ ሁለት ዘንግ ያለው፣ ከሽቦ ኮረንቲ የሚልስ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁ፣ ቁልቁለቱን ከነዳገቱ፤
ደረጃው ላይ የዘገየች አንዲት ባለዘንቢል አሮጊት ነበረች፣
ጡሩንባ የነፋሁባት፤
ዛሬ ደረሰኝ፣ ዕዳው ከነቅጣቱ።

ትናንት ከገንዳው መውጣት አቃተኝ።
ውኃው በረደ፤ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ሳሙናው እንኳ አመለጠኝ።
«ማቅቫላ!» አልሁ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ገባች፣ የአባት ገላ እንዳታይ፤
ፎጣ ወረወረችልኝ፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች ከበላይ።
«እጅህን ስጠኝ» አለች።

እጅ ስጥ!
ወታደር ሳለሁ ማንም ያላለኝን ቃል።
ሰጠሁ።
እጅ ሰጠሁ፤ ነጭ ባንዲራዬም ፎጣ ነበር።
እሷ ግን ድል ማድረጓን አላወቀችም፤ ጀርባዬን እያደረቀች
ባቄላው እንዳያርባት ትጨነቅ ነበር።

«አንተ እኮ ራስህን የቻልህ ሰው ነበርህ» ይላል ጎረቤቴ ጉራም፣ ሊያጽናናኝ፤
በ«ነበር» ብርድ ልብስ ሸፍኖ ሊያሞቀኝ።
ዛሬ ራሴን የሚችለው ትራሴ ነው፤
እሱም አንዱ አይበቃ፣ ሦስት ነው፤
ዝቅ ካልሁ ትንፋሼ እንደ ሰው ዕቃ
ከደረቴ የሚወሰድ ነው።

ማታ ቱቦውን ካፍንጫዬ ጀምሬ በጣቴ ስዳስስ፣
በአልጋው ግርጌ፣ በወለሉ፣ እስከ ማሽኑ ስደርስ፣
አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ፤ ድልድዩ ላይ፣ በረዶ ሲጥል፤
ዘንጎቹ ከሽቦው ወልቀው፣
ብልጭታው ቁልቁል ሲረግፍ፣ እንደ እሳት ቅጠል።
መኪናው ደርቆ ቀረ፤ መብራቱም ጠፋ፤
ወርጄ ገመዱን ስጎትት፣ እጄ ደነዘዘ፣ ሽቦው ከዓይኔ ጠፋ።
ተሳፋሪው ወረደ፤ አንዱ ባትሪ ያዘልኝ፣ አንዱ ገመዱን ሳበ፤
«ወደ ቀኝ! ትንሽ!» የምትለኝ ያችው ባለዘንቢሏ ናት፣
ሻሿን በረዶ እየከበበ።

ገጠመ። መብራቱ መጣ። ሄድን።
ማንም «ራሱን ያልቻለ መኪና» ብሎ አላማውም፤
እኔም ያን ሁሉ ዓመት በራሴ የምሄድ መስሎኝ፣
ቀና ብዬ ሽቦውን አላየሁም።

ይህንን ማወቅ ሁልጊዜ አያጽናናም። አልዋሽም።
ጫማዬን በራሴ ማሰር እፈልጋለሁ፤
ወርጄ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ፣ ጫፉን መንገድ ላይ ቆርሼ፣
ሊፍቱን በገዛ ሳንቲሜ ማጉረስ እፈልጋለሁ።
ማቅቫላ ስትደክም፣ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ቧንቧ ከፍታ
ስታለቅስ የማልሰማ እመስላለሁ።

ሊነጋጋ ሲል ቱቦው ካፍንጫዬ ወልቆ፣ እሷ በጨለማ ስትዳብስ፣
መነጽሯን ረስታ፣ ጉንጬን ስትነካ፣ ጆሮዬን ስትዳስስ፣
ከተማው ገና ተኝቷል፤ አንድ መብራት ብቻ በማዶ፣ ድልድዩ ላይ፤
«ወደ ቀኝ» አልኋት።
«ትንሽ። አዎ። እዚያው ላይ።»