ከኮርኒሱ ሥር

ተንደር ቤይ፣ ጥር ወር፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፣
ፀሐይ ለምሳ መጥቶ፣ ለራት ሳይቆይ ሄዷል።
እኔ መሰላል ላይ፣ ራሴ ኮርኒስ ውስጥ፣
ነጭ ቱቦ ስነቅል፣ ስደረድር፣ ሳስቀምጥ።
ሆዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ቢሰበር ነው መዘዙ፤
እንደ ጨቅላ ይታቀፋል፣ በሁለት እጅ ነው አያያዙ።
መቶ አርባ ሁለት ነበር፤ ዘጠና ስድስቱ ወርዷል፣
የቀረው እንደ ጥንዚዛ፣ አናቴ ላይ ጥዝ ይላል።

ኦይቫ ከሥሬ መጣ፣ ዊልቸሩን እየገፋ፤
ወደብ ላይ ስንዴ ሲጭን፣ ጉልበቱ አልቆ የጠፋ።
«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ተይው፤ ምን አደረገሽ መብራቱ?
ሳይተኛ የሚያድር እሱ ነው፣ ከኔ ሌላ በቤቱ።
አሥራ አንድ ዓመት።»

መልስ የለኝም። የኔ ዕውቀት ስለ ሽቦና ዋት፣
ሠላሳ ሁለት የሚበላው፣ በአሥራ ሁለት ሲጠግብ ማየት።
ሒሳብ ያዧ ከቢሮዋ፣ እስክሪብቶዋን ነክሳ፣
«በትርፉ» አለች «መታጠቢያው፣ በጋ ላይ ይታደሳ!»
ለኦይቫ ግን ይህ ምኑ ነው?

መጀመሪያ የገጠምኩት፣ ስህተት ነበር፣ ልናዘዝ፤
ነጭ፣ ሰማያዊ ያዘለ፣ ዓይን ወግቶ የሚያፈዝዝ።
ኮሪደሩ ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀትር መስሎ ሲያፈጥ፣
የሌሊት ነርሷ ዶሪን፣ ራሷን ይዛ ስትቀመጥ፣
አንዱ ሽማግሌ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ነጋ ብሎ ክራባት ሲመርጥ!
«ብርሃን እኮ» አለች ዶሪን፣ «መድኃኒት ነው፤ መጠን አለው፤
ጧት የሚያነቃው ራሱ ነው፣ ማታ እንቅልፍ የሚገድለው።»

ያንን አወረድኩ፤ ተመለስኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣
ይዤ አዲሱን ኤልኢዲ፣ ሰዓት የሚያውቅ ዓይነት፤
ጧት ላይ እንደ ጠራ ሰማይ፣ ነጭ ሆኖ የሚነሣ፣
ከራት ወዲያ ማር መስሎ፣ ቀስ በቀስ የሚከሳ፤
ሌሊት ወለሉ ላይ ብቻ፣ ቀጭን ፍም እንደ ክር፣
ለሽንት የተነሣ እግር፣ እንዳያጣው የበሩን ዳር።

የመጨረሻውን ቱቦ ነቀልኩ።
ጥዝዝታው ቆመ።
ኦይቫ አንገቱን አቀና፤ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው፣
«ይኼ ድምፅ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ከየት ነው?»

ሐይቁ ነበር፤ ከወደቡ ማዶ፣
ራሱን ሲሰነጥቅ፣ የሚያጓራው በረዶ።
አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ነበር፣ ጥንዚዛው ነው የሸፈነው፤
«አወቅሁት» አለ፣ «አወቅሁት፤ ስንዴ ስጭን የምሰማው ነው።»

ዶሪን በጧት መዝገቧ ላይ፦ «አሥራ አራት ቁጥር፣ ተኝቷል።»
ከሥሩ፦ «ዓሣ በዚህ መብራት፣ የታመመ ይመስላል ብሏል።»

ማታ ቤቴ ገባሁ፤ ማብሪያውን ስጫነው፣
ወጥ ቤቴ ውስጥ ያው ጥንዚዛ።
ነገ እነቅልሃለሁ አልኩት፤
ዛሬም ነገ ነው።