ከዘጠኝ በታች

ማታ ሁለት ሰዓት፤ ፊዮርዱ በረዶ ለብሷል፤
ከአዳራሹ መብራት አንዱ ብቻ በርቷል።
የአውራ ጣት ቁመት ያላትን ኒዮቢየም
ቶርኪል በሁለት እጁ እንደ ጫጩት ይዟል።

እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓመት አለፈው።
ቡሎኗን ሲያጠብቅ መፍቻው ይንገጫገጫል፤
እኔ አላየሁም ብዬ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ፣
የጻፍኩትን ቀን ደግሜ እጽፋለሁ፤
ማየቴን ግን ያውቃል።

ሂሊየሙ ገባ፤ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ፤
አርባ፣ ሃያ አምስት፣ አሥራ አራት፣ አሥር።
«ሰባት ሲሆን ጥሪኝ፣ ሶልቫይ» ብሎ ሄደ
ጎኑን ሊያሳርፍ ከደረጃው ሥር።

ከግንቡ ወዲያ፣ ከሰማያዊው ውሃ
ኒውትሮን ይመጣል፣ ጓዝ የሌለው እንግዳ፤
ማንንም ሳይገፋ፣ ማንም ሳይገፋው
ብረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ንዝረቱን አንኳኩቶ
ይወጣል፤
ሲወጣ ግን ጥቂት ጉልበት ጎድሎት።
እኔ የምለቅመው ያችኑ ጉድለት ነው።
ቆጣሪው ያንጠባጥባል፦ በደቂቃ ሦስት።
አንዳንዴ አራት።
አንዳንዴ ዝም።

ተማሪ ሳለሁ ንዝረት ማለት እንቅፋት ነበር፤
ኤሌክትሮን ሲሮጥ የሚያደናቅፈው፣
ሽቦ የሚያግለው፣ ጉልበት የሚያባክነው።
መምህራችን እውነቱን ግማሹን ነው የነገረን፤
ቀሪውን ብርዱ ነው የጨረሰው።

አንዱ ሲያልፍ አቶሞቹ ወደሱ ዘንበል ይላሉ፤
ገና ሳይመለሱ፣ በተዉት ስርጉድ ላይ
ሌላው ይከተላል።
የተፈጥሮ ጠበኞች፣ ተገፋፊዎቹ፣
ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ
በዚያው በሚንቀጠቀጠው ምክንያት።

ዘጠኝን አለፍን።
ስምንት።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ላይ፣ ሰባት።
ስክሪኑ ላይ ሰፊ የነበረው ጉብታ
ቀጠነ፣ እንደ ወስፌ ሾለ፤
ከንዝረቱ ጉልበት የሚነጥቅ ብቸኛ ኤሌክትሮን
የቀረ ከስንት አንድ ነው፤ ሌላው ተጣምሯላ!
እሱም ዕድሜ አገኘ።

ጠራሁት። መጣ፣ ካፖርቱን በትከሻው ጥሎ።
መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር።
«መንቀጥቀጡ ቆመ?»
«አልቆመም» አልኩት። «እንዲያውም ሰነበተ።»
ስክሪኑን ብዙ አየ፤ ምንም አልተናገረ።

ከዚያ ቴርሞሱን አነሳ፤ ሻይ ቀዳ፤
የኔን እስከ አፉ፣ የራሱን እስከ ግማሽ።
ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰችውን
እሱም አልጠረጋት፣ እኔም አልጠረግኩ።
በደቂቃ ሦስት።
አንዳንዴ አራት።