ቬል

ሶሌፍቴኦ ውስጥ፣ ወንዙ በረዶ ለብሶ በሚተኛበት አገር፣
ሰው ይጠይቃል እንጂ ጥያቄው አይነገር።
ዓረፍተ ነገሩ እንደ ቆመ ይቆማል፣
ግሡ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ያልቃል፤
ከግሡ ጎን ተጠግታ ብቻ አንዲት ቃል፣ የጨው ቅንጣት የምታህል፦
ቬል።

አርባ ሦስት ዓመት ጉንቦርግ በዚህች ቃል ባሏን ጠየቀች፤
ሲክስተን ከእንጨት ፋብሪካው ገብቶ ጓንቱን ሲያወልቅ፣ ከምድጃው አጠገብ እንደቆመች፦
«በልተሃል ቬል»፤ መቼም በልተሃል።
«በሩን ቆልፈሃል ቬል»፤ መቼስ ቆልፈሃል።
ጥያቄ አይደለም፤ እምነትም አይደለም ጭራሹን፤
በርን ገርበብ አድርጎ መተው ነው፣ ሌላው ይዝጋው ቀሪውን።
የሱም መልስ ቃል አልነበረም፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፣
እህ፤ አዎ ማለት ነው በቃ። እሷም ትተኛለች፣ መብራቱ ይጠፋል።

በየካቲት፣ እሑድ ማታ፣ ሹካው ከግራ እጇ ወደቀ፤
ከንፈሯ ወዳንድ ጎን ሄደ፤ የባሏ ስም አፏ ውስጥ አለቀ።

ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሲክስተን ኮፍያውን ጨብጦ ቆመ፤
ዕድሜ ልኩን መላሽ ነበር፣ ለመጠየቅ አፉ ደከመ።
ቃሉን ከሚስቱ ተበደረ፣
«ትነቃለች ቬል» ብሎ ለነርሷ፣ ለቱቫ፣ ወለሉን እያየ ተናገረ።
«ትነቃለች ወይ?» ቢል ኖሮ፣ «አትነቃም» ሊባል ነው፤
ቬል ግን ክንድ መያዝ ነው፣ «አትልቀቂኝ» ማለት ነው።

ቱቫ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ መዋሸት አልተማረችም፤
እውነቱንም ያለ ሐኪሙ ልታወጣው አልደፈረችም።
«ትነቃለች ኑግ» አለች፤ ሳትነቃ አትቀርም።
ኑግ! በኔ ቋንቋ ጥቁር ፍሬ ናት፣ ከሆዷ ዘይት የሚወጣት፤
ሽማግሌው በመዳፉ ይዞ ስምንት ቀን ሙሉ ጨመቃት፤
ጠብታም አልሰጠች።

በዘጠነኛው ቀን የጉንቦርግ እህት አልፍሂልድ፣ ጆሮዋ የከበደ፣
ከኡሜኦ ደውላ «ተሽሏታል ቬል» አለች፤ የሱ ጉሮሮ ነደደ።
መርዶ እንዴት ይነገራል፣ በስልክ፣ ያውም ለደንቆሮ፣ እየጮኹ?
ሌላ ቃል ነበረች፣ ከቬልም ያነሰች፣ ሸክምን ለሁለት የምታካፍል።
«ሞታለች ዩ» አለ።
ሞታለች እኮ።
እንደ ትናንት ዝናብ፣ እንደ ጎረቤት ወሬ፣
አብረው ሲያውቁት የኖሩትን ነገር እንዳስታወሳት አስመስሎ።
ከስልኩ ወዲያ አንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበ።
እህ።

በዚያች ሌሊት ጓንቱን አወለቀ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ተኛ።
ቆይቶ በጨለማው ውስጥ፣ ጎኑ ላለው ትራስ፣
«በሩን ቆልፌዋለሁ ቬል» አለ።
ጠበቀ።
ተነሥቶ፣ ባዶ እግሩን፣ ሄዶ ቢያየው፣
በሩ ገርበብ እንዳለ ነው።